ባቄላና ቦሎቄ ቅጠል ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ እንዴት እንለያለን?

ቅጠል ላይ ቡኒ ነገር ስላያችሁ ብቻ መድሃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡና ከስር እዩት። ከላይ ሲታዩ ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፣ የሚለያቸው ምልክት ብዙ ጊዜ ያለው ከታች ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ስራ አለቀ።

ፈንገስ ነው ወይስ ባክቴሪያ?

የነጠብጣቡ ጠርዝ ውሃ የጠጣ ከመሰለና ዙሪያውን ቢጫ ከከበበው ባክቴሪያን ጠርጥሩ። ከታመመውና ከጤነኛው ድንበር ላይ ትንሽ ቁራጭ በምላጭ ቆርጣችሁ ንፁህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ክተቱትና ትንሽ ጠብቁ፣ ከተቆረጠው ጠርዝ ወተት የመሰለ ነገር እየተግተለተለ ከወጣ ባክቴሪያ ነው። እዚህ ላይ ማንኮዜብ ምናምን የሚባል ፀረ ፈንገስ ብትረጩ ገንዘብ መድፋት ነው፣ የሚያዋጣው ንፁህ ዘር መጠቀምና ቅጠሉ እርጥብ እያለ ማሳው ውስጥ አለመግባት ነው።

ሲነካ ጣት ላይ የሚቀር ቡኒ ዱቄት

ዋግ ነው፣ ከሌላ ጋር አይምታታም። ቦሎቄ ላይ ዩሮማይሰስ አፔንዲኩላተስ፣ ባቄላ ላይ ዩሮማይሰስ ቪሲዬ ፋቤ ይባላል። ላብራቶሪ ውስጥ በተለመደው ሚዲያ (ፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ) ለማሳደግ አትድከሙ፣ በህይወት ያለ ቅጠል ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። ገና ጥቂት እብጠት እንደታየ እንደ ቴቡኮናዞል ያለ ፀረ ፈንገስ ይይዘዋል፣ ማሳውን ካለበሰው በኋላ ግን ብዙም ለውጥ የለውም።

በጅማት የታጠረ ማዕዘን ያለው ነጠብጣብ (ቦሎቄ)

ሱዶሰርኮስፖራ ግሪሴኦላ ነው። ቅጠሉን ገልብጣችሁ በሌንስ ስታዩ ነጠብጣቡ ላይ የቆሙ አጫጭር ጥቁር ፀጉሮች ታያላችሁ፣ እነሱ ናቸው ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ጥቃቅን ዘር) የሚሸከሙት። ካልታዩ ቅጠሉን እርጥብ ወረቀት ካለበት ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩትና ድጋሚ እዩ። በማሳው ቅሪትና በዘር ስለሚተላለፍ ሰብል ማፈራረቅና ቅሪቱን ማስወገድ ያስፈልጋል።

ከስር ጅማቱ ራሱ የጠቆረ (ቦሎቄ)

ጅማቱ ከስር በኩል ቀላ ብሎ ከዛ ከጠቆረ፣ ቆባው ላይ ደግሞ ጎድጎድ ያለና መሃሉ ሮዝ የሚል ቁስል ካለ አንትራክኖዝ ነው፣ ኮሌቶትሪከም ሊንደሙቲያነም። ዋናው ምንጭ ዘር ነው፣ ስለዚህ ከታመመ ማሳ የተሰበሰበ ዘር መልሶ መዝራት በሽታውን በእጅ እንደመትከል ነው።

ባቄላ ላይ ቸኮሌት የሚመስል ነጠብጣብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ትናንሽ፣ ክብ፣ ቀይ ቡኒ፣ ቅጠሉ ላይ የተረጨ የሚመስል ከሆነ ቦትራይቲስ ፋቤ ነው፣ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲቆይ ነጠብጣቦቹ ተያይዘው ቅጠሉን ሙሉ ያጠቁሩታል። መሃሉ ግራጫ ሆኖ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከተቀመጡበት ግን አስኮካይታ ነው። ክብ በክብ ቀለበት ኖሮት ጥቁር ነጥብ ከሌለው ሰርኮስፖራ ወይም አልተርናሪያ ሊሆን ይችላል፣ እሱን በአይን ብቻ መወሰን ይከብዳል፣ ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ስኮች ነጠብጣቡ ላይ ለጥፋችሁ አንሱና ስላይድ ላይ አድርጋችሁ እዩ፣ የአልተርናሪያ ስፖር ቡኒና በቁመትም በአግድምም የተከፋፈለ ነው፣ የሰርኮስፖራ ግን ቀጭንና ረጅም ሆኖ በአግድም ብቻ ነው የሚከፋፈለው።

ባቄላ ላይ ቦትራይቲስ ሲኔሪያም ስለሚገኝ ቦትራይቲስ ስላገኛችሁ ብቻ ፋቤ ነው አትበሉ። የፋቤ ስፖር ተለቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከ15 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ያልፋል፣ የሲኔሪያ 10 አካባቢ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ያደገው ሌላ ነገር ከሆነ

ምልክቱ አንትራክኖዝ ሆኖ ፔትሪ ዲሽ (የማሳደጊያ ሳህን) ላይ አልተርናሪያ ወይም ክላዶስፖሪየም ቢያድግ አይግረማችሁ። እነዚህ የሞተ ቅጠል ላይ ቶሎ የሚሰፍሩ ናቸው፣ ኮሌቶትሪከም ሊንደሙቲያነም ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ይቀድሙታል። መፍትሄው ናሙናውን ከደረቀው መሃል ሳይሆን ከድንበሩ፣ ገና ከጀመረ አዲስ ነጠብጣብ መውሰድ ነው፣ ቀጠን ባለ በረኪና ለአንድ ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በንፁህ ስቴራይል ውሃ ደጋግማችሁ ማለቅለቅና ፒዲኤ (ከድንች የሚሰራ የፈንገስ ማሳደጊያ ሚዲያ) ላይ ማስቀመጥ። ናሙናውን በወረቀት እንጂ በላስቲክ አትላኩት፣ ይበሰብሳል።

ዲኤንኤ የምታስነብቡ ከሆነ አይቲኤስ (ፈንገስ ለመለየት በብዛት የሚነበበው የዲኤንኤ ክፍል) ብቻውን ኮሌቶትሪከምና ቦትራይቲስን እስከ ዝርያ ድረስ በደንብ አይለይም፣ ጋፕዲኤችን የመሰለ ሌላ ጂን ጨምሩ። ከዛም ያገኛችሁትን ፈንገስ ጤነኛ ተክል ላይ መልሳችሁ አስይዙት፣ ያው ምልክት ወጥቶ ያው ፈንገስ ተመልሶ ካልተገኘ አጥፊው ገና አልተያዘም።