ከባንክራፕሲ በኋላ ሞርጌጅ ሲከለከሉ ችግሩን የት ይፈልጉታል?

አሜሪካ ውስጥ ባንክራፕሲ ያደረገ (ዕዳ መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት የተገላገለ) ሰው ሞርጌጅ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር ጠይቆ ሌንደሩ (አበዳሪው) «አይሆንም» ሲለው «ያው ባንክራፕሲው ነው» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ጣጣው ከባንክራፕሲው በኋላ ሳይጸዳ የቀረ ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ይያዙ። ማመልከቻዎ ተሟልቶ ከገባ ሌንደሩ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት። ከከለከለዎት ለምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለዎት። ሰበቡ ክሬዲት ሪፖርትዎ (የብድር አከፋፈል ታሪክዎ) ከሆነ፣ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቁ ሪፖርቱን በነጻ ያገኙታል። በቃል የተነገረዎትን ይዘው አይሂዱ።

«ጊዜው ገና ነው» ከተባሉ

አንዳንዱ ሰው ፋይል ካደረገበት ቀን ይቆጥራል። ለቻፕተር 7 (ዕዳው ያለ ረጅም የክፍያ ዕቅድ ለሚሰረዝበት ባንክራፕሲ) ቆጠራው የሚጀምረው ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ከሰረዘበት፣ ከዲስቻርጁ ቀን ነው። የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው የኤፍኤችኤ ብድር በመደበኛው 2 ዓመት ያስጠብቃል፤ ሞርጌጅ ከሌንደሮች የሚገዛውን የፋኒ ሜይን ደንብ የሚከተለው ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው ብድር) ደግሞ 4 ዓመት። ቻፕተር 13 ላይ ያለ፣ ማለትም ዕዳውን በፍርድ ቤት ዕቅድ በየጊዜው የሚከፍል ሰው ግን ክፍያውን እስኪጨርስ የግድ መጠበቅ የለበትም። 12 ወር ሳያዛንፍ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት በኤፍኤችኤ ማመልከት ይችላል።

ሰው የማያስተውላት ወጥመድ ቤቱ ላይ ናት። ባንክራፕሲ ሲያደርጉ ቤትዎን ለቀው ወጡ እንበል። ዕዳው ተሰረዘ፣ እርስዎም ረሱት። ባንኩ ግን ቤቱን በስሙ ያዞረው ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ኤፍኤችኤ ለፎርክሎዠር (ባንክ ባልተከፈለ ብድር ቤት ሲወስድ) 3 ዓመት ያስጠብቃል፤ የሚቆጥረውም ቤቱ ከስምዎ ከወጣበት ቀን ነው። ስለዚህ ቤቱ ያለበት ካውንቲ መዝገብ ላይ ቀኑን ይፈልጉ። ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ፦ ሞርጌጁ በባንክራፕሲው ውስጥ መሰረዙን በወረቀት ካሳዩ፣ ኮንቬንሽናል የፎርክሎዠሩን 7 ዓመት ትቶ የባንክራፕሲውን ሊቆጥርልዎት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሎን ኦፊሰር ሊያጋጥም ስለሚችል እርስዎ ያንሱት።

«ያልተከፈለ ዕዳ አለብዎት» ከተባሉ

የተሰረዘ ዕዳ ሪፖርቱ ላይ ቀሪው ዜሮ ሆኖ፣ በባንክራፕሲ ውስጥ የተካተተ ተብሎ መታየት አለበት። ግን አንዳንዱ አበዳሪ አያስተካክለውም። ዕዳው ዛሬም እንዳለ ሆኖ ይታያል፣ ስኮርዎንም (የክሬዲት ነጥብዎን) ወደ ታች ይጎትተዋል። የክሬዲት ቢሮዎቹን የኢኩፋክስን፣ የኤክስፔሪያንንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት ሦስቱንም ያውጡና ከፍርድ ቤቱ የዕዳ ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሁሉም የበለጠ ውጤት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስህተት ካገኙ የዲስቻርጁን ትዕዛዝና የዝርዝሩን ገጽ አያይዘው ለእያንዳንዱ ቢሮ ዲስፒዩት (የይታረምልኝ አቤቱታ) ያስገቡ። በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። ወረቀቱ ከጠፋብዎት ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ገጹን በ10 ሳንቲም ያገኙታል።

የተማሪ ብድር ግን ብዙውን ጊዜ በባንክራፕሲ አይሰረዝም። የፌዴራል ብድርዎ ዲፎልት ውስጥ ካለ (ለረጅም ጊዜ ሳይከፈል ከቀረ) የመንግሥት መዝገብ ላይ ስምዎ ይወጣል፣ ኤፍኤችኤም ይቆማል። መጀመሪያ ከዲፎልት ይውጡ።

«በቂ ክሬዲት የለዎትም» ከተባሉ

አንዴ የተቃጠለ ሰው «ካርድ በዓይኔ እንዳላይ» ይላል። አይፈረድበትም። ግን ሌንደሩ ማየት የሚፈልገው ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደከፈሉ ነው። አንድ ሴክዩርድ ካርድ (መያዣ ገንዘብ አስቀምጠው የሚወስዱት ክሬዲት ካርድ) ይክፈቱ፣ ትንሽ ነገር ይግዙበት፣ በየወሩ ሙሉውን ይክፈሉ። ከባንክራፕሲው በኋላ የዘገየች አንዲት ክፍያ ከድሮው ሁሉ በላይ ታስጠይቃለች። የቤት ኪራይ በካሽ የሚከፍሉ ከሆነም ዛሬውኑ ወደ ቼክ ወይም ባንክ ይቀይሩ። ክሬዲትዎ ሲሳሳ የ12 ወር የኪራይ ማስረጃ ሊያድንዎት ይችላል፤ ካሽ ግን ምስክር የለውም።

ዕቁብም እንደዚሁ ነው። ዳውን ፔይመንቱን (የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ) ዕቁብ ወጥቶልኝ አስገባሁ ቢሉ፣ ሌንደሩ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን የ2 ወር የባንክ ስቴትመንት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ቀደም ብሎ ገብቶ ይቀመጥ።

«ስኮርዎ አይበቃም» ከተባሉ

ኤፍኤችኤ 580 ላለው 3.5 በመቶ፣ ከ500 እስከ 579 ላለው 10 በመቶ ዳውን ፔይመንት ይጠይቃል። ብዙ ሌንደሮች ግን የራሳቸውን ከፍ ያለ ወለል ይጨምሩበታል። «ኤፍኤችኤ አይፈቅድም» ሲሉዎት፣ የማይፈቅደው ኤፍኤችኤው ነው ወይስ እናንተ ብለው ይጠይቁ። የራሳቸው ደንብ ከሆነ ወደ ሌላ ይሂዱ። በ14 ቀን ውስጥ ብዙ ሌንደር ሪፖርትዎን ቢያይ እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቆጠር፣ ስኮሬ ይወርዳል ብለው አይፍሩ።

ተፈቅዶልዎት መጨረሻ ላይ ከፈረሰ

አብዛኛውን ጊዜ መኪና ነው። ወይም የሶፋ ብድር። ሌንደሩ ከክሎዚንግ (ከመጨረሻው ፊርማ) በፊት ክሬዲትዎን እንደገና ያያል። ቁልፉን እስኪቀበሉ ድረስ አዲስ ብድር አይውሰዱ፣ ለዘመድ ብድርም አብረው አይፈርሙ።