በስኪ ላይ ባት ሲያም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የባት ሕመም በበረዶ ላይ በስኪ በሚንሸራተቱ ሰዎች ዘንድ፣ በተለይም በኪራይ ጫማ በሚጀምሩት ዘንድ፣ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ግን መንስኤውን ሳይለዩ ወይ ጫማቸውን እያላሉ ወይ ማስታገሻ እየዋጡ ቀኑን ይገፋሉ። መንስኤውን ለመለየት ከሕመሙ ብርታት ይልቅ የሚጠቅመው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚተው ማወቅ ነው። ስለዚህ ባትዎን ባመመዎት ጊዜ ከመንሸራተቻው ዳር፣ ከላይ የሚመጡት ሰዎች በሚያዩዎት ቦታ ይቁሙ፤ የጫማውን የላይኞቹን ሁለት ዘለበቶችና ከእነርሱ በላይ ያለውን ሰፊ ማሰሪያ ፈትተው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ሕመሙ ከለቀቀዎት ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጫማው ወይም የአቋቋምዎ ነው። ጫማውን ካወለቁ በኋላም ከቀጠለ ግን ጡንቻው ራሱ ሳይጎዳ አይቀርም። ሕመሙ ከወደቁ በኋላ ወይም በድንገት የመጣ ከሆነ ይህን ሙከራ ትተው በቀጥታ የመጨረሻውን ክፍል ያንብቡ።

ጫማው ባትን ሲጫን

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ገና ሊፍት ላይ ሳይወጡ፣ ዘለበቶቹን ካሰሩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ ልክ በጫማው አንገት ጠርዝ ዙሪያ እንደ ቀለበት የሚጨመድድ ሕመም ይሰማል፤ ማታ ጫማው ሲወልቅም በዚያው ቦታ ላይ ቀይ መስመር ይታያል። መንስኤው የባቱ ወፍራም ክፍል ከጫማው አንገት ውስጥ መግባቱ ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜም በሴቶች ላይ፣ የባት ጡንቻ ወደ ቁርጭምጭሚት ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ ለሌላው ሰው የሚመቸው የአንገት ቁመት ለእነርሱ ጡንቻው ላይ ያርፋል። ጡንቻው ሲጨመቅ የደም ዝውውር ስለሚቀንስ እግር ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛልም፤ ሰውየውም ብርዱ ነው ብሎ ወፍራም ካልሲ ይደርባል፣ በዚህም ቦታው ይባስ ይጠብና ሕመሙ ይጨምራል።

መፍትሔውን ከቀላሉ ይጀምሩ። የላይኞቹን ዘለበቶች አንድ ጥርስ ያላሉ፤ ተረከዝን በቦታው የሚይዘው በቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልፈው ዘለበት ስለሆነ እርሱን ጠበቅ ማድረግ፣ የላይኞቹን ግን ቅልጥምዎ ከጫማው ምላስ እንዳይለቅ ያህል ብቻ ማሰር ይበቃል። የላይኛው ዘለበት በመጨረሻው ጥርስ ላይ እንኳ አልደርስ ካለ፣ በብዙ ጫማዎች ላይ የዘለበቱ መያዣ በብሎን የታሰረና ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ አከራዩ በካቻቪቴ አንድ ቀዳዳ ሊያዛውረው ይችላል። ቀጥሎ የጫማውን ኋላ ይፈትሹ፤ በገበሩና በፕላስቲኩ ቀፎ መካከል፣ ባት በሚያርፍበት ቦታ፣ አንዳንድ ጫማ ሽብልቅ መሳይ ፕላስቲክ አለው። ይህ ቀጭን ባት ላላቸው ሰዎች የተሠራ ነውና ባትዎ ወፍራም ከሆነ እንዲወጣልዎት ይጠይቁ። ይህም ካልበቃ ከሦስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር የሚወፍር ማንሻ ከተረከዝ ሥር ማስገባት ባቱን ከአንገቱ በትንሹ ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ በላይ ማስገባት ግን የእግርን የላይኛውን ክፍል ስለሚያጣብብ አይመከርም።

ከጫማው በፊት ግን ውስጡን ማየት ይገባል። የሱሪ ጫፍ፣ የተጣጠፈ የውስጥ ሱሪ ወይም ሁለት ካልሲ በጫማው ውስጥ ካለ ከላይ የተባለውን ሁሉ ማድረግ ከንቱ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስ አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ ይግባ፤ የውስጥ ሱሪው ከጫማው አንገት በላይ ይቅር።

ጫማው ሲሰፋ

ጠባብ ጫማ ባትን እንደሚያሳምም ሁሉም ይገምታል፤ ሰፊ ጫማ እንደሚያሳምም ግን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ጫማው ሲሰፋ ተረከዝ በየመታጠፊያው ብድግ ይላል፣ የእግር ጣቶችም ወለሉን ለመያዝ ይጨበጣሉ፣ ባትም ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይወጠራል። ይህ ሕመም ጠልቆ የሚሰማ ድካም እንጂ ቀለበት አይደለም፤ ከቀትር በኋላም ይብሳል። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ስለሆነ ተረከዝዎን ግድግዳ አስደግፈው ቆመው ይለኩ፤ የዘወትር ጫማዎን ቁጥር ለአከራዩ መንገር አይበቃም። ለማረጋገጥ ገበሩን ከቀፎው አውጥተው በባዶው ቀፎ ውስጥ ይቁሙ፤ ጣቶችዎ ፊቱን ሲነኩ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ተኩል እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢተርፍ ልክ ነው፣ ሦስት ቢተርፍ ግን ሌላ ጫማ ያስለውጡ። አዲስ ጫማ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጣቶችን ቢነካ አያስደንግጥዎ፤ ጉልበትዎን ሲያጥፉ ተረከዝዎ ወደ ኋላ ስለሚገባ ጣቶቹ ይለቀቃሉ።

ወደ ኋላ መቀመጥ

ቁልቁለቱ ሲያስፈራ ሰውነት በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ ባት የጫማውን ኋላ እየገፋ ይውላል፣ ጭንም ይቃጠላል። የባት ሕመም ከጭን ቃጠሎ ጋር አብሮ ከመጣና ቀላል በሆነ ተዳፋት ላይ ጋብ ካለ መንስኤው ይህ ነው፤ ጫማ መለወጥ ለዚህ አይረዳም። ሰው ከማይበዛበት ረጋ ያለ ተዳፋት ተመልሰው ቅልጥምዎን ከጫማው ምላስ ጋር አስነክተው፣ እጆችዎን ከፊትዎ አድርገው ይንሸራተቱ። እየሄዱም የአንዱን ስኪ ጭራ ከበረዶው አንስተው ፊቱን ሳያነሡ ጥቂት ለመቆየት ይሞክሩ፤ ክብደትዎ ወደ ኋላ ከሆነ ይህን ማድረግ አይችሉምና ሙከራው ራሱ ያርምዎታል።

አቋቋሙን እያወቁት የማይሆንልዎት ከሆነ ቁርጭምጭሚትዎ በበቂ አይታጠፍ ይሆናል። በባዶ እግር የአውራ ጣትዎን ጫፍ ከግድግዳ አሥር ሴንቲ ሜትር ያርቁና ተረከዝዎን ሳያነሡ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ለማድረስ ይሞክሩ። ካልደረሰ የባት ጡንቻዎ አጭርና ጥብቅ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የተጠቀሰው የተረከዝ ማንሻ ለጊዜው ይረዳል፣ ዘላቂው ግን ለሳምንታት ባትን ማሳሳብ ነው። ማሳሳቡም አንድ ጊዜ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አጥፎ፣ እያንዳንዱን ሠላሳ ሰከንድ ያህል በመያዝ ይሠራል፤ ባት ሁለት ዋና ጡንቻዎች ስላሉትና ጥልቁ የሚሳሳበው ጉልበት ሲታጠፍ ስለሆነ አንዱ ብቻ አይበቃም።

ድንገተኛ መሸማቀቅ

ባት ድንጋይ ሆኖ ተጨብጦ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከለቀቀ የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። በአብዛኛው የሚመጣው ከድካም ነው፤ ውኃ ማነስና ብርድም ያግዙታል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ስትሆን በዚያው ግዛት ያለችው የስኪ ስፍራ ብሬክንሪጅ ግን ግርጌዋ እንኳ 2,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ይህም ከአዲስ አበባ ይበልጣል። አዲስ አበባ ማደግ ለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነት የከፍታን ልምድ ዝቅ ባለ ቦታ ሲኖር ይተወዋል። ሲሸማቀቅ ጫማውን ፈትተው ጉልበትዎን ዘርግተው የእግር ጣቶችዎን ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ከዚያ ውኃ ጠጥተው ይረፉ።

በሀገር አቋራጭ ስኪ፣ ማለትም ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በተወዳደረበት ዓይነት፣ ነገሩ የተለየ ነው። ጫማው ለስላሳ፣ ተረከዙም ነፃ ስለሆነ ባት የሚያመው በመጨመቅ ሳይሆን በመግፋት ብዛት ነው። ስኪው ሲገፋ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ባት በከንቱ ይደክማልና ለዕለቱ በረዶ የሚስማማ መያዣ ሰም (ስኪው በረዶውን እንዲይዝ የሚያደርግ) መቀባቱን ያረጋግጡ፤ ርቀቱንም ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ጫማ መፍታት የማይበቃባቸው ምልክቶች

በድንገት ከኋላ የተመቱ ያህል ተሰምቶዎት ዞር ቢሉ ማንም ከሌለ የባት ጡንቻ ወይም የተረከዝ ጅማት ተቀዶ ይሆናል። በዚያው እግር በጣቶች ጫፍ መቆም አለመቻል ጅማቱን ያስጠረጥራል። ተንሸራትተው ለመውረድ አይሞክሩ፤ የስኪ ፓትሮል (የስፍራውን የነፍስ አድን ሠራተኞች) ያስጠሩና በዚያው ቀን ይታከሙ። እግርን ከፍ ማድረግና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሃያ ደቂቃ ያህል መያዝ ይጠቅማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና ማሞቅ ግን የውስጥ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል።

ከምት ወይም ከውድቀት በኋላ ባት እየተወጠረ የሚሄድ፣ እግር የሚደነዝዝና ጣቶችን ሲያንቀሳቅሱ የሚብስ ከባድ ሕመም ካለ በጡንቻው ክፍል ውስጥ ግፊት እየጨመረ ሊሆን ይችላልና ሰዓታት እንኳ መጠበቅ አይገባም።

ሦስተኛው የደም መርጋት ነው። ከረጅም በረራ ወይም የመኪና ጉዞ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ጫማ ቢፈታም ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ወጌሻ ዘንድ ሄደው እንዳይታሹ ነው፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል እንዲህ ያለ ባት መነካካትም መታሸትም የለበትም። የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከተጨመረ በአሜሪካ 911 ይደውሉ።

ጡንቻው ተቀዶ ከዳነ በኋላ ወደ በረዶው መመለሻውን በቀን ቆጠራ አይወስኑ። ደረጃ ያለ ሕመም መውጣትና መውረድ፣ በአንድ እግር ብቻ ቆመውም ተረከዝዎን ጤነኛው እግር የሚያነሣውን ያህል ጊዜ ማንሣት ከቻሉ ረጋ ባለው ተዳፋት መጀመር ይችላሉ፤ ካልቻሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሰጠዎትን ልምምድ ይቀጥሉ።