ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ በጅማ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ስጠግን ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንጀቴን የሚበላኝ ያለ ጥፋቱ የተቀየረ ዕቃ ነው። ሰው ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን) ይቀይራል፣ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን) ይገዛል፣ ባትሪ ያስገባል፤ ችግሩ ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። በቀን ገቢ ለሚተዳደር ሹፌር ይህ ከልጆቹ ቀለብ ላይ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የጻፍኩት ምልክቱን አይቶ ምክንያቱን ለማግኘት የሚረዳ ነው። ዕቃ መግዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አብዛኛው ነገር ወደ አጋሮ፣ ወደ ቦንጋ ወይም በጊቤ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዙ ትናንሽ የህንድ ሞተር ሳይክሎችና ባጃጆች የሚሆን ነው። ስለ ትላልቆቹ የጉዞ ሞተር ሳይክሎችም በየቦታው አነሳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች በስልካቸው እያዩ ይጠይቁኛል።

ማታ ደህና ያደረ ሞተር ጠዋት አልነሳ ሲል

ቀላሉን አስቀድሙ። እዚሁ ጅማ ከአጂፕ እስከ መርካቶ ተገፍቶ የመጣ ሞተር ሳይክል፣ መሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ተዘግቶ አግኝቼዋለሁ። የቤንዚኑ መክፈቻም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ካያችሁ በኋላ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን ተመልከቱ። ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን ወደ ሞተሩ አልደረሰም ማለት ነው። ርጥብ ሆኖ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጠፋው እሳቱ ነው፣ ወይም ቾክ ተስቦ ብዙ በመረገጡ ሞተሩ በቤንዚን ታፍኗል። የታፈነውን ካንዴላውን አውጥቶ ጥቂት ጊዜ መርገጥና ካንዴላውን አድርቆ መመለስ ይበቃዋል። እሳት የጠፋ እንደሆነ የካንዴላውን ኮፍያ ነቅላችሁ ውስጡን እዩ፤ በዝናብ ወራት ውሃ ቋጥሮ የሚያድረው እዚያ ነው። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ እሳቱን የምትፈትሹት ከፈሰሰ ቤንዚን ርቃችሁ ይሁን።

ካንዴላው ደርቆ ከተገኘ፣ ወይም ሞተሩ ተነስቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ እየተንተፋተፈ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጅማ ላይ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ውሃን ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የቡና ነጋዴ ከአጋሮ መንገድ ሞተር ሳይክላቸውን እየገፉ መጡ። ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ልጄ፣ ካርቡራቶሩን ቀይርልኝ፤ ገንዘቡን ይዤ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፤ መጀመሪያ አንድ ነገር እንይ።»

የውሃ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጬ ከካርቡራቶሩ ሥር ያዝኩና ታች ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላላሁ። የወረደውን ፈሳሽ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ላዩ ቤንዚን ነው። ከሥሩ ግን አራት አምስት ድቡልቡል ጠብታዎች፣ እንደ ዶቃ፣ ፕላስቲኩን ባዘነበልኩት ቁጥር ከቤንዚኑ ሳይቀላቀሉ ወዲያና ወዲህ ይንከባለሉ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው ጋሼ።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ማደያው ቤንዚን አልቆበት ከመንገድ ዳር ከጀሪካን እንደገዙ ነገሩኝ። ካርቡራቶሩ ምንም አልነበረበትም። ገንዘባቸውን በኪሳቸው ይዘው ተመለሱ።

ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከታች ይተኛል፣ ሞተሩም መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው። የሚገባው ዝናብ ላይ ከቆመ ጀሪካን፣ ጎማው ካረጀ የታንከር ክዳን፣ እንዲሁም ግማሽ ባዶ ሆኖ ካደረ ታንከር ውስጥ በቅዝቃዜው ከሚጠራቀመው ጤዛ ነው። መፍትሄው ከካርቡራቶሩ ሥር ያለውን የቤንዚን ሳህን ማፍሰስ፣ ችግሩ ከተመለሰ ታንከሩንም ከሥሩ አራግፎ ማጽዳት ነው። ከጀሪካን መግዛት ግድ ከሆነ ጀሪካኑ ሳይነቃነቅ ትንሽ ይቆይ፣ በማጥለያ ይቀዳ፣ የመጨረሻዋ አንድ ብርጭቆ እዚያው ትቅር። ሞተር ሳይክሉ ከማደሩ በፊት ታንከሩን መሙላትም ጤዛውን ይቀንሳል።

ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ

እዚህ ላይ አይናችሁን ሳይሆን ጆሮአችሁን ተጠቀሙ። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ግን ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው) እየተንሸራተተ ነው። ድምፁ ራሱ አልወጣ ብሎ ከታፈነ ግን ችግሩ ከአየሩ ወይም ከቤንዚኑ ነው። ይህን ሳይለዩ ፍሪሲዮን ያስቀየሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለፍሪሲዮን መጀመሪያ ሽቦውን እዩ። እጀታው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልቅ መሆን አለበት፤ ተወጥሮ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይይዝም። ቀጥሎ ዘይቱን ጠይቁ። የእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ለማለስለስ የተጨመረባቸው ነገር ስላለ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። ዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ። ዘይቱን ብቻ ቀይሬ የተመለሰ ጉልበት አይቻለሁ። የፍሪሲዮኑ ሸራ ካለቀ ግን መቀየር ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ድምፁ የታፈነ እንደሆነ የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት ይደፍነዋል። የስፖንጅ ፊልትሮ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት የሞተር ዘይት ታሽቶ ይመለሳል። የወረቀቱ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል፣ ካረጀ ይጣላል። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ጉልበት ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ እባካችሁ አትስሟቸው። አቧራው እንደ ሞረድ ሆኖ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ታያላችሁ፣ እሱም ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ግን ቤንዚን መብዛቱን፣ ብዙውን ጊዜም ይኸው ፊልትሮ መደፈኑን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚቀር ድካም አለ፤ እሱ ብልሽት አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው አየር አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። 1,833 ሲሲ የሆነው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል፣ የሆንዳ ጎልድ ዊንግም ያው አንድ አምስተኛ ይጎድልበታል፤ የነዳጅ መርጫው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ቤንዚኑን ከአየሩ ጋር ያስተካክላል እንጂ የሌለውን አየር አያመጣም። ሆኖም ከብዛቱ ስለሚቀንስ ነጂው አያውቀውም። የእኛው 100 ሲሲ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ይዞ ከጎጀብ ወደ ቦንጋ ሲወጣ ግን እያንዳንዷን ጉድለት ያሳውቃል። መፍትሄው ቶሎ ማርሽ መቀነስና ጭነቱን ማቃለል ነው።

ባጃጁ ሲግል

የባጃጅ ሞተር ከኋላ፣ ነፋስ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው ያለው። የሚያቀዘቅዘው በሽፋን ውስጥ የሚነፍስ ማራገቢያ ነው። ያ ሽፋን ከተደፈነ ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ ይንተከተካል፣ ጉልበቱ ይሟሽሻል፣ አንዳንዴም ይጠፋል።

በቡና መፈልፈያዎች አካባቢ የሚሠራ አንድ ባጃጅ ሁለት ጊዜ በዚህ ችግር መጣልኝ። ሽፋኑን ስፈታ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ በቡና ገለፈትና በደረቀ ጭቃ ተጠቅጥቆ፣ በዘይት ተለውሶ፣ እንደ ጡብ ጠንክሮ ነበር። በቀጭን እንጨት እየፈለቀቅኩ ለማውጣት ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ሹፌሩ በየሳምንቱ የሚያሳጥበው ውጪውን ብቻ ነበር። በክረምት በወር አንድ ጊዜ ሽፋኑን አስፈትታችሁ አስጸዱ፤ የዘይቱን መጠን ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዩ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙና ራሱ ይብረድ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ ሲል

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ከሰኮሩ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ የሚለቁ አሉ። ያን ጊዜ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ይሆናል፤ ታንቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ይግላል፣ የፍሬኑ ሸራ የተቃጠለ ይሸታል፣ የመያዝ አቅሙም እየከዳ ይሄዳል። የቆጠባችሁት ነዳጅ ከዚህ አይበልጥም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፤ ፍሬኑንም ሳትለቁ ከመጫን ይልቅ እየያዛችሁ ልቀቁት። ሽታው ከመጣ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ።

ባጃጅ ላይ ሌላም አለ። ፍሬኑ በፈሳሽ የሚሠራ ስለሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ከሆነ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም ፈሳሹ አርጅቷል። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ የጅማ አየር ደግሞ እርጥበት አይቸግረውም። ሲግል ያ እርጥበት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይግባ። ጎርፍ ከተሻገራችሁ በኋላ የማይዝ ፍሬን ግን ረጥቦ ነው፤ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ በስሱ ደጋግማችሁ ያዙት፣ ይደርቃል።

መሪው ሲንቀጠቀጥ፣ መታጠፊያ ላይ ሲያንገዳግድ

የጎማውን ነፋስ ለኩ። በብዙ ትናንሽ የህንድ ሞተር ሳይክሎች የኋላው ለአንድ ሰው 28፣ ሰው ሲታከል 32 ፒኤስአይ ያህል ነው። ከዚያ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁት፤ ቋ ካለ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በካቻቢቴ ምቱ፤ ድምፁ የደነዘዘ ሽቦ የላላ ነው። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ጭነቱን እዩ። ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ጆንያ የፊቱን ጎማ ያቃልለዋል፤ መሪው የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ክብደቱ ወደ ነጂው ይጠጋ፣ ዝቅ ይበል። ትላልቆቹ የጉዞ ሞተር ሳይክሎች ሻንጣቸው በጎንና በጎን ዝቅ ብሎ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለ ሦስት እግር የተለየ ጠባይ አለው። ባለ ሁለት እግሩ መታጠፊያ ላይ ያዘነብላል፤ ባለ ሦስት እግሩ ማዘንበል ስለማይችል ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። የእኛ ባጃጅም ሆነ ትልቁ ባለ ሦስት እግር የሃርሊ ዴቪድሰን ትራይ ግላይድ ፊታቸው አንድ ጎማ፣ ኋላቸው ሁለት ነው። እየታጠፉ ፍሬን ሲይዙ ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄዳል፤ ባጃጅ የሚገለበጠው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የካናዳው ባለ ሦስት እግር ካን-አም ስፓይደር ሁለቱን ጎማ ወደ ፊት አድርጓል፤ ይህም ችግሩን ለማሻሻል የሚረዳ አሠራር ነው። የእኛን መቀየር አንችልም፤ ግን ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሶ መያዝ፣ ጣሪያ ላይ አለመጫን፣ ከተፈቀደው ሰው በላይ አለማሳፈር በእጃችን ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ የትራያምፍ ሮኬት 3ን ዓይነት ሰፊ የኋላ ጎማ አይተው በትንሹ ሞተር ሳይክላቸው ላይ ሰፊ ጎማ ያስገባሉ። የሮኬቱ ጎማ 240 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረውም የሚያዞረው 2,458 ሲሲ ሞተር ነው፤ ቸርኬውም ለዚያ ተሠርቷል። በጠባብ ቸርኬ ላይ የገባ ሰፊ ጎማ ቅርጹ ይጣመማል፣ መሪውን ያከብዳል፣ ሰንሰለቱን ይነካል። ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ነው።

ሰንሰለቱ ሲጮህ፣ መብራቱ ሲደክም

ሰንሰለት መሐሉ ላይ ከፍና ዝቅ ሲደረግ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይወዛወዝ። ጭቃውን በነጭ ጋዝ ጥረጉ፣ ከዚያ ቀቡት፤ ጭቃ ላይ የተቀባ ዘይት ሰንሰለቱን ይሞርደዋል። ከጥርሱ እየዘለለ ከሆነ ሰንሰለቱና ሁለቱ ጥርሶች አብረው ይቀየሩ፤ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ዕድሜ የለውም።

ለመብራት ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለው ባትሪው ሙሉ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ካልደረሰ ችግሩ ቻርጅ ከሚያደርገው በኩል ነው፤ አዲሱም ባትሪ በሳምንት ይሞታል። ከዚያ በፊት ግን ከሻንሲው ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ ፈታችሁ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት አጽዱና መልሳችሁ አጥብቁ። ዝናብ ካለፈ በኋላ ወደ እኔ ከሚመጡት ደካማ መብራቶች ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይድናሉ።