በተራራማ አገር የሚያልፍ ረጅም የባቡር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል

ብዙ ሰው ረጅም የባቡር ጉዞ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያየው የመነሻና የመድረሻውን ከተማ፣ የትኬቱን ዋጋና የዕረፍት ቀኑን ነው። ዓላማው አንድ ቦታ መድረስ ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃል። ሰው በማይበዛበት ተራራማ አገር የሚያልፈውን መንገድ በመስኮት ለማየት የሚነሣ ተጓዥ ግን ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ባቡሩ ተራሮቹን የሚያቋርጠው ከቀኑ ወይስ ከሌሊቱ በስንተኛው ሰዓት ነው? አራት ቀን ከሚፈጅ ጉዞ ውስጥ ዋናው ተራራማ ክፍል ከአንድ ቀን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ያ ክፍል በጨለማ ከታለፈ የመኝታው ምቾትም ሆነ የምግቡ ጥራት አይክሰውም። ስለዚህ ወቅቱም፣ የጉዞው አቅጣጫም፣ የትኬቱ ዓይነትም መመረጥ ያለባቸው ይህ ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው።

መልሱን ለማግኘት የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብቻ የሚያሳየው አጭር ሰሌዳ አይረዳም፤ ባቡሩ በየጣቢያው የሚደርስበትን ሰዓት የያዘው ሙሉ የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በእርሱ ላይ ሁለት ጣቢያዎችን ምልክት ያድርጉባቸው፤ አንዱ ሐዲዱ ሜዳውን ለቅቆ ወደ ተራራው የሚገባበት፣ ሌላው ከተራራው የሚወጣበት። ከዚያ በሚሄዱበት ቀን በእነዚያ ቦታዎች ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ፈልገው ከሰሌዳው ጋር ያስተያዩ። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ ከሸንተረሩ ጀርባ የምትደበቀው በይፋ ከምትጠልቅበት ሰዓት ቀድማ ስለሆነ፣ በስሌቱ ላይ አንድ ሰዓት ያህል መቀነስ ብልህነት ነው። ረጅም መስመሮች የሰዓት ክልሎችንም ያቋርጣሉ፤ ከቶሮንቶ ወደ ቫንኩቨር 4,466 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው «ካናዲያን» የተባለው ባቡር አራት የሰዓት ክልሎችን ያልፋል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት የየጣቢያው የአካባቢ ሰዓት መሆን አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ማስላት ሙሉውን ዕቅድ ያዛባል።

አንዳንድ ባቡሮች ይህን ጥያቄ በራሳቸው ሰሌዳ መልሰውታል። ከቺካጎ ተነሥቶ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስከምትገኘው ኤመሪቪል ድረስ 3,924 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው «ካሊፎርኒያ ዜፈር» ወደ ምዕራብ ሲሄድ ጠዋት ከዴንቨር ይነሣና የሮኪ ተራሮችንና የኮሎራዶ ወንዝን ሸለቆዎች ቀኑን ሙሉ ያቋርጣል። የኔቫዳን በረሃ በሌሊት ያልፈዋል፤ በማግስቱም ሴራ ኔቫዳ የተባሉትን ተራሮች በቀን ይወጣል። በሌላ በኩል፣ ከጃስፐር እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ያለውን 1,160 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የካናዳ ባቡር በቀን ብቻ ነው የሚጓዘው፤ ሌሊቱን ፕሪንስ ጆርጅ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪዎችም ማደሪያቸውን ራሳቸው ይይዛሉ። በእኔ አስተያየት መልክዓ ምድር ለማየት ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም፤ የሆቴሉ ወጪ ቢጨመርበትም በእንቅልፍ የሚያመልጥ አንድም ተራራ አይኖርም።

ሰሌዳው እንዲህ የማይመች ሲሆን የመጀመሪያው መፍትሔ አቅጣጫን መቀየር ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ተራራውን በሌሊት የሚያልፍ ባቡር ወደ ምሥራቅ ሲመለስ በቀን ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሰሌዳዎች ሳያነጻጽሩ ትኬት አይቁረጡ። ሁለተኛው መፍትሔ ከተራራው በፊት ባለች ከተማ ወርዶ አድሮ በማግስቱ በቀን ባቡር መቀጠል ነው። ይህ ግን የሚሠራው ባቡሩ በየቀኑ በሚኖርበት መስመር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ በሚያልፍበት መስመር ላይ መውረድ ማለት ቀጣዩን ባቡር ሦስትና አራት ቀን መጠበቅ ስለሆነ፣ የሚወርዱባት ከተማ ያን ያህል ጊዜ የምታቆይ መሆኗን አስቀድመው ይወቁ። በአንዳንድ አገር ደግሞ ትኬቱ መንገድ ላይ ወርዶ መቀጠልን አይፈቅድም፤ ያኔ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች መግዛት ግድ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት ነው። የቀኑ ርዝመት ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ከወቅት ወቅት እጅግ ይለያያል። የኖርዌይ ከተሞች ኦስሎና በርገን የሚገኙት በሰሜን 60 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለሆነ፣ በሰኔ አጋማሽ ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ሲረዝም በታኅሣሥ አጋማሽ ከ6 ሰዓት በታች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መስመር ፊንሰ በተባለው ጣቢያ ላይ 1,222 ሜትር ከፍታ የሚደርስ ሲሆን ጉዞው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ይፈጃል። በታኅሣሥ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ከመንገዱ የተወሰነው በጨለማ ወይም በድንግዝግዝ ማለፉ የማይቀር ነውና፣ ከፍተኛውን አምባ እኩለ ቀን ገደማ የሚያልፈውን ባቡር መምረጥ አለበት። በረዶ የለበሰውን ተራራ ማየት የሚፈልግ ግን እስከ የካቲት መጨረሻ ወይም እስከ መጋቢት ቢታገሥ በረዶውንም ብርሃኑንም አንድ ላይ ያገኛል። በጋም የራሱ ችግር አለው። በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ በሐምሌና በነሐሴ የሚነሣው የሰደድ እሳት ጭስ ተራሮቹን ለቀናት ሊሸፍን ይችላል። ወንዞችና ፏፏቴዎች የሚሞሉት በረዶው በሚቀልጥበት በጸደይና በበጋ መጀመሪያ ነው፤ የቅጠሉ ቀለም የሚለወጥበት የመፀው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ብቻ አለው።

መዘግየትን እንደ ያልታሰበ አደጋ ማየት አይገባም፤ ከዕቅዱ አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባል። በካናዳና በአሜሪካ የረጅም ርቀት የመንገደኛ ባቡሮች በአብዛኛው መንገድ የሚሄዱት የጭነት ባቡር ድርጅቶች ንብረት በሆነ ሐዲድ ላይ ነው፤ ሐዲዱ አንድ መስመር ብቻ በሆነበት ቦታ የመንገደኛው ባቡር ወደ ጎን ወጥቶ ረጅሙ የጭነት ባቡር እስኪያልፍ ይቆማል። የብዙ ሰዓት መዘግየት የተለመደ ነው። የበረዶ ናዳ፣ የመሬት መንሸራተትና የሐዲድ ጥገናም በየትኛውም ተራራማ መስመር ላይ ያጋጥማሉ። ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ምክሮች አሉ። አንደኛው ስለ ብርሃኑ ነው፦ በሰሌዳው መሠረት ጎሕ ሲቀድ ወደ ተራራው የሚገባ ባቡር ቢዘገይ ተጓዡ አይጎዳም፤ እንዲያውም የተሻለ ብርሃን ያገኛል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚገባው ግን ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ሁሉም ነገር ያመልጣል። ስለዚህ ከሁለት አማራጮች ማለዳ የሚገባውን መምረጥ ይሻላል። ሁለተኛው ስለ ቀጣይ ጉዞ ነው፦ ባቡሩ በሚደርስበት ዕለት አውሮፕላን አይያዙ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት በመካከል ይተዉ። የጉዞ መድንም ከገዙ በመዘግየት ምክንያት ለሚያመልጥ በረራ የሚከፍል መሆኑን ውሉን አንብበው ያረጋግጡ።

ስለ ፉርጎውና ስለ መቀመጫው ምርጫ ሲነሣ፣ ውድ የሆነው ሁሉ ለማየት የሚመች አይደለም። በመስታወት ጣራ የተሠራ መመልከቻ ፉርጎ ያለው ባቡር ከሆነ፣ ወደዚያ ፉርጎ መግባት የሚያስችለው ትኬት የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ከክፍሉ ስፋት ይልቅ ዋጋ አለው። «ካናዲያን» ላይ ከተደራራቢዎቹ አልጋዎች የላይኛው መስኮት የለውም፤ ተኝቶ ከዋክብትንና የንጋቱን ተራራ ማየት የሚሻ የታችኛውን ይያዝ። በስዊዘርላንድ ከሴንት ሞሪትዝ ተነሥቶ እስከ 2,253 ሜትር ከፍታ ወጥቶ ጣሊያን ውስጥ 429 ሜትር ላይ ወዳለችው ቲራኖ የሚወርደው የበርኒና መስመር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ሐዲድ ላይ ሰፋፊ መስታወት ያለው፣ መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ የሚያስገድደው የቱሪስት ባቡር ይሄዳል፤ በዚያው ሐዲድ ላይ ቦታ ሳይያዝ የሚሳፈሩበት ተራ የአካባቢ ባቡርም ይሄዳል። የቱሪስቱ ባቡር መስታወት አይከፈትም፤ የውስጡንም መብራት ያንጸባርቃል። ተራው ባቡር የሚከፈት መስኮት ያለው ፉርጎ ሊኖረው ይችላል፤ በፈለጉት ጣቢያ ወርዶ በሚቀጥለው መሳፈርም ይቻላል። ቦታ ለመያዝ የዘገየ ሰው ጉዞውን ከመተው በፊት እንዲህ ያለ ተራ ባቡር በመስመሩ ላይ መኖሩን ይመርምር።

የትኛው ጎን ይሻላል የሚለው ጥያቄ በብዛት ይነሣል፤ መልሱንም ከሰው ከመጠየቅ ራስን ችሎ ማግኘት ይቻላል። የባቡር መሐንዲሶች ዳገትን ይፈራሉ፤ ከባድ ባቡር የሚሄድበት ሐዲድ በየ100 ሜትሩ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ እንዲወጣ እምብዛም አይፈቅዱም። የበርኒና መስመር በጥርሳም ሐዲድ (የባቡሩ ጥርሳም ጎማ እየነከሰው በሚወጣበት ተጨማሪ ሐዲድ) ሳይታገዝ በ100 ሜትር እስከ 7 ሜትር መውጣቱ ከተለመደው ውጪ ስለሆነ ነው የሚደነቅለት። ወንዝ ደግሞ በብዙ ሺህ ዓመት ዝግ ያለ ተዳፋት ያበጀ ስለሆነ፣ ሐዲዱ ብዙውን ጊዜ ወንዙን ተከትሎ ይወጣል። የሳተላይት ካርታ ከፍተው ሐዲዱ ከወንዙ በየትኛው ዳር እንደሚሄድ በጣትዎ ይከተሉ። ባቡሩ ወንዙ በቀኙ ሆኖ ከሄደ ገደሉና ሰፊው እይታ በቀኝ ነው፤ በግራ የሚታየው ለመስኮቱ የቀረበ የተቆረጠ ድንጋይ ይሆናል። ድልድይ በተሻገረ ቁጥር ጎኑ ይቀየራልና የትኛው ዳር ረዘም ላለ ርቀት እንደሚቆይ ይቁጠሩ።

ወንዙ ብቻውን ግን አይወስንም፤ የፀሐይ አቅጣጫም ይጨመርበታል። ከሰሜናዊው የሐሩር መስመር በላይ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በምሥራቅና ምዕራብ በተዘረጋ መስመር በደቡብ ጎን የተቀመጠ ተሳፋሪ ፀሐይ ዓይኑን ትወጋዋለች፤ የሚያየው የተራራው ፊትም ጥላ ያረፈበት ነው። በሰሜን ጎን የተቀመጠው ግን ብርሃን የወደቀበትን ገጽ ያያል። በደቡባዊው የዓለም ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። ለምሳሌ ከካናዳ ሮኪ ተራሮች ሁሉ የሚረዝመው 3,954 ሜትር ከፍታ ያለው የሮብሰን ተራራ ከጃስፐር ወደ ምዕራብ ለሚሄድ ባቡር በስተሰሜን፣ ማለትም በቀኝ በኩል ነው የሚገኘው፤ ጥሩ አየር ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ብርሃን ያረፈበት ሆኖ ይታያል። ትኬት ሲይዙ ታዲያ የመቀመጫ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ፉርጎው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄድ ይጠይቁ።

ከፍታ በራሱ ጥንቃቄ የሚሻበት መስመርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው በቻይና ከጎልሙድ እስከ ቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ያለው 1,142 ኪሎ ሜትር ሐዲድ 5,072 ሜትር ይደርሳል፤ 960 ኪሎ ሜትር ያህሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በፉርጎዎቹ ውስጥ ኦክስጅን ቢሰጥም ባቡሩ ሰውነትን ከከፍታው ጋር አያላምድም፤ በፍጥነት ያወጣል እንጂ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ጤነኛውም በመንገዱ ላይ ባለች መካከለኛ ከፍታ ያላት ከተማ፣ ለምሳሌ ሺኒንግ፣ ሁለት ቀን ቢያርፍ ይጠቅመዋል። ወደ ቲቤት የሚገባ የውጭ አገር ሰው ከቪዛው ሌላ ልዩ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም ትኬት ከመፈለግ አስቀድሞ የሚጀመር ሥራ ነው።

መኝታ ያላቸው ክፍሎች ከሁሉ ቀድመው ያልቃሉ። የአሜሪካ የመንገደኛ ባቡር ትኬት ከ11 ወር በፊት ጀምሮ ይሸጣል፤ የሌሎችን ድርጅቶች ሽያጭ መክፈቻ ቀን አስቀድሞ አጣርቶ በዚያው ቀን መሞከር ነው። ከያዙ በኋላም ጉዞው ሲቃረብ ሰሌዳው መቀየር አለመቀየሩን ደጋግመው ይመልከቱ፤ የአንድ ሰዓት ለውጥ ያሰሉትን የብርሃን ስሌት ሊያፈርስ ይችላል።

ስንቅና ሻንጣን በተመለከተ የሚባለው ጥቂት ነው። ትልቁን ሻንጣ ለጭነት ፉርጎው ሰጥተው ለሌሊቱ የሚያስፈልገውን በትንሽ ቦርሳ ይያዙ፤ መድኃኒትዎ፣ የሚደራረብ ልብስ፣ ውኃ፣ ባቡሩ ቢዘገይ የሚያቆይ ደረቅ ምግብና ተጨማሪ የስልክ ባትሪ በእርሱ ውስጥ ይሁኑ። በራቁ ተራሮች የስልክ ኔትወርክ ለሰዓታት ስለማይኖር ካርታውን፣ ሰሌዳውንና ትኬቱን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ።

ባቡሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ያወረዱትን ካርታ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ይክፈቱ፤ በብረት ፉርጎ መካከል የሳተላይት ምልክት ይደክማል። ከሐዲዱ ዳር የተተከሉትን የርቀት ምልክቶች እየተከተሉ ቀጣዩ ዋሻ ወይም ድልድይ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ይቻላል፤ ካሜራውን ሳይሆን ዓይንን የሚያዘጋጅ ዕውቀት ስለሆነ እኔ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ፎቶግራፍ ለማንሣት የካሜራውን ሌንስ ከመስታወቱ ጋር ሊነካ እስኪል አስጠግተው በጨርቅ ይክበቡት፤ ፍላሽ ያጥፉ፤ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነትም ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያድርጉት። ባቡሩ ኩርባ ላይ ሲታጠፍ የፊተኛውን ክፍል ከተራራው ጋር አንድ ላይ ማየት የሚችለው ወደ ኋላ ባሉት ፉርጎዎች ውስጥ ያለ ሰው ነው። መመልከቻው ፉርጎ ላይ ቦታ ለማግኘትም ምልክት ካደረጉባት የመጀመሪያዋ ተራራማ ጣቢያ ሲደርሱ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ካለችው ሲነሡ ሄደው ይቀመጡ።