ከፔሮል (ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ውጭ ስንከፍል የሚበላሸው የት ላይ ነው? ችግርና መፍትሄ

ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቢሮው ይለያያል፣ ብልሽቱ ግን አንድ ነው። ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ስም መመሳሰሉን ማየት ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ምልክት፦ አንድ ስም፣ ያው ብር፣ በየወሩ በዊዝሆልዲንግ (ለአቅራቢ ሲከፈል ቀድሞ የሚቆረጥ ግብር) ዝርዝር ውስጥ

ብዙ ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

መንስኤው ይሄ ነው፦ ሰውየው ተቀጣሪ ነው፣ የሚከፈለው ግን እንደ ነጋዴ ነው። ድርጅቱ "የአገልግሎት ውል" የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ያስፈርመዋል። ዊዝሆልዲንግ ቆርጦ ቀሪውን ይሰጠዋል። ሠራተኛው እጁ ላይ ብዙ ስለሚገባ ደስ ይለዋል። አሠሪውም ጡረታ ስለማይከፍል ደስ ይለዋል። ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ ማንም ቅር አይለውም።

የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የሚያየው የውሉን ርዕስ አይደለም። በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰው ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ ተቀጣሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ውሉን ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ሲታመም በራሱ ምትክ ሌላ ሰው መላክ ይችላል? የሚሠራበት ኮምፒውተር የማን ነው? የሚገባበትን ሰዓት ማን ይወስናል? ሌላ ደንበኛ አለው? ሥራው ቢበላሽ በማን ወጪ ይስተካከላል? መልሶቹ በሙሉ ወደ እናንተ ካመለከቱ ሰውየው ፔሮል ላይ ይግባ። እሱ ራሱ "በኮንትራት ይሁንልኝ" ብሎ ቢለምንም ይግባ። ይህ በስምምነት የሚቀየር ነገር አይደለም።

ብሩን እንየው። በወር 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው በ2017 በተሻሻለው ሠንጠረዥ "ሀ" መሠረት 3,200 ብር የሥራ ግብር አለበት። ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11፣ በድምሩ 18 በመቶ ነው። ያ 2,700 ብር ማለት ነው። ለ12 ወር ሲደመር ግብሩ 38,400፣ ጡረታው 32,400 ይሆናል። ወለድና ቅጣት ገና አልተጨመረም። ግብሩን ቆርጦ የማስቀረት ግዴታ የከፋዩ ስለሆነ ጥያቄው የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ሥራ ቀይሮ ሄዷል። ከማን ትቆርጣላችሁ?

አንድ ጊዜ ካዛንቺስ አካባቢ ያለ ቢሮ ጠራኝ። እንግዳ ተቀባይዋ ሁለት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ "የአገልግሎት ውል" ስትፈርም ኖራለች። ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች፣ 11 ሰዓት ትወጣለች፣ ቁልፉም እሷ ጋ ነው። ጸነሰች። የወሊድ ፈቃድ ስትጠይቅ "አንቺ እኮ ኮንትራት ነሽ" አሏት። አዋጁ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ልጅቷ ያን መብት ያጣችው አንድ ሰው የክፍያ ቅጽ ሲመርጥ ስለቀለለው ነው። ባለቤቱን "ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ተቀጣሪ ናት፤ የፈረመችው ወረቀት ይህን አይለውጠውም" አልኳቸው። ሰሙኝ፣ ፈቃዷንም ሰጧት። የኋላውን ጡረታና ግብር ለማስተካከል ግን ሦስት ወር ፈጀብን። ያን ፋይል እስካሁን አልረሳሁትም።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ አሰልቺ ብቻ ነው። የዓመቱን የዊዝሆልዲንግ ዝርዝር አውጡና በስም ደርድሩት። ከሦስት ጊዜ በላይ የተደጋገመውን ስም ሁሉ በቀይ አስምሩበት። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ስም ላይ ጠይቁ። ተቀጣሪ ሆኖ ያገኛችሁትን ከያዝነው ወር ጀምሮ ፔሮል ላይ አስገቡት። ለሠራተኛው እጁ ላይ የሚገባው ለምን እንደሚቀንስ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። የኋላውን ደግሞ ኦዲተር ሳይመጣ አስልታችሁ ራሳችሁ አሳውቁ። እባካችሁ የውሉን ቀን ወደ ኋላ አትጻፉ። ይህን ሲያደርጉ ያየኋቸው አሉ፤ ትንሹን ጥፋት ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ያሳድገዋል።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ። "ለ2 ወር ብቻ ነው" የሚለው ምክንያት አያድንም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ይይዛል። በየ44 ቀኑ ውል እየቆረጡ የሚያድሱ ቢሮዎች አሉ። ኦዲተሩም መቁጠር ያውቃል።

ምልክት፦ "ለምን 30 በመቶ ተቆረጠብኝ?" የሚል ስልክ

ሰውየው ቲን አላመጣም። ቲን በማያቀርብ አቅራቢ ላይ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው። መፍትሄው ቲኑን ሥራው ሲጀመር መቀበል ነው። ሥራው አልቆ ሰውየው ለቤት ኪራይ ቸግሮት ደጃችሁ ሲቆም ቲን መጠየቅ ጭካኔ ነው። በሌላ ሰው ቲን ክፈሉልኝ ካለ እምቢ በሉ። የወንድሙም ቢሆን እምቢ በሉ።

ምልክት፦ ወጪው አለ፣ ደረሰኙ የለም

እውነተኛ ነጋዴ ከሆነ ደረሰኙን ሳትይዙ ቼክ አትፈርሙ። ደረሰኝ በፐርሰንት የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ወደ እነሱ አትሂዱ። ሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም ወንጀል ነው። ወጪው ውድቅ ቢሆንባችሁ ይሻላል።

ምልክት፦ ባለሙያው በሰኔ ተመልሶ ይመጣል

የፒያሳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሦስት ቀን ተመላለሰ። የተቆረጠበት ዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ አልተሰጠውም ነበር። ያ ደረሰኝ ከሌለው ግብሩን ሲያሳውቅ የተቆረጠበት አይታሰብለትም። ስለዚህ ደረሰኙን ከቼኩ ጋር፣ በዚያው ቀን ስጡት። "ነገ ና" አትበሉት። የሰው ገንዘብ ነው።

የቆረጣችሁበትን ልክም እዩ። በ2008ቱ ሕግ ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት 2 በመቶ ነበር። በ2017 ይህም ተሻሽሏል። ከቀድሞው ሒሳብ ሠራተኛ በወረሳችሁት ኤክሴል አትቁረጡ። ፔሮሉም እንደዚያው ነው፤ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። አሁንም በ600 የሚቆርጥ ኤክሴል አይቻለሁ። ከዝቅተኛ ደመወዝተኛ ላይ ያለ አግባብ መቁረጥ ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር "አበል" ተብሎ ተመዝግቧል

አበል ከሥራ ቦታው ርቆ ለሄደ ሰው ማደሪያና መብያ ነው። አዲስ አበባ እየኖረ እስጢፋኖስ አካባቢ ባለ አዳራሽ ግማሽ ቀን ላሠለጠነ ሰው የሚከፈለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። በዚያው መዝግቡት፣ በዚያው ቁረጡ።

ምልክት፦ የራሳችሁ ሠራተኛ ከፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ ከሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ይከፈለዋል

ቅዳሜ ገብቶ ለሠራው "ይቺን ያዝ" ተብሎ ይሰጠዋል። ያ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፣ በዚያው ወር ፔሮል ላይ ይደመራል። በቀን ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ በሌሊት በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል።

ምልክት፦ "ለቀን ሠራተኞች" የሚል አንድ ቫውቸር፣ አንድ ፊርማ

የእያንዳንዱ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሠራበት ቀንና ፊርማ ይኑር። ተሰብስቦ ለአለቃቸው አይሰጥ፤ መሀል ላይ የሚቀረው ብር የእነሱ ነው። የቀን ሠራተኛም ተቀጣሪ ነው። በ500 ብር 5 ቀን የሠራ ሰው 2,500 አግኝቷል፣ ከ2,000 በላይ ያለው 500 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 75 ብር ይቆረጣል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ከባለቤቱ የግል ቴሌብር የተከፈለ፦ ከድርጅቱ ሒሳብ ክፈሉ፣ ያለፈውን ከነማስረጃው ለባለቤቱ መልሱ።

ውጭ አገር ለሚኖር ባለሙያ፦ ውል ሳትፈርሙ ባንካችሁንና የግብር አማካሪ ጠይቁ፤ የሚቆረጠው ግብርም የምንዛሪው መንገድም የተለየ ነው።