ዋጋ ስትጠይቁ «ስንት ገባ?» ብቻ አትበሉ

ጎጃም ውስጥ እህል ልትሸጡ አስባችሁ ለወዳጅ ደውላችሁ «ጤፍ ስንት ገባ?» ብቻ ካላችሁ፣ መልሱ ብዙም አይጠቅማችሁም። ማኛ ነው ሰርገኛ? ገበሬው የሸጠበት ነው ወይስ ነጋዴው ከመጋዘን የሚሸጥበት? ይህ ካልተለየ የቢቸናንና የደብረ ማርቆስን ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ወጪውን ቀንሱ። በኩንታል የ300 ብር ልዩነት አለ እንበል። መኪና 150፣ ጫኝና አውራጅ 60፣ ደላላ 50 ከወሰዱ የቀረው 40 ብር ነው። ለ40 ብር ደግሞ ቀን ሙሉ መንከራተት? እኔ ብሆን እዚያው ቅርቤ እሸጣለሁ።

ደላላ ያወራውን ሳይሆን ሽጦ የወጣ ገበሬ እጁ የገባውን ጻፉ። የልጆች ደብተር ጀርባ ይበቃል፦ ቀን፣ ገበያ፣ ዓይነት፣ ዋጋ።

ከብት ላይ ይከብዳል፤ ብዙው ግብይት በዓይን ግምት ነው። ስለዚህ ዕድሜውንና የደለበ ወይስ የእርሻ በሬ መሆኑን አብራችሁ መዝግቡ። በሁዳዴ 55 ቀን የሥጋ ከብት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ ያደለበ ከሆሳዕና ቀደም ብሎ ዋጋ መከታተል ይጀምር። የእርሻ በሬ ግን የሚፈለገው ክረምት ሲቃረብ ነው።