ከርነል ውስጥ የተደጋገመ ኮድ አግኝታችኋል? አንድ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ በፓች፣ ማለትም በላካችሁት የኮድ ለውጥ፣ ላይ ለተሰጠ አስተያየት መልስ አትጻፉ። እኔ ጽፌያለሁ። ስልኬ ላይ ያለው የኢሜይል መተግበሪያ ጽሑፉን በኤችቲኤምኤል ላከው፤ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ሰዎች ሰርቨር ደግሞ የሚቀበለው ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ጃኬቴን ሳወልቅ መልዕክቱ ተመልሶ ጠበቀኝ። እንኳንም ተመለሰ። በንዴት የተጻፈ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ኮምቦልቻ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ማታ ደሴ ቤቴ ከርነል እነካካለሁ። ሁለት የሙቀት መለኪያ ድራይቨሮች (ከርነሉን ከቺፕ ጋር የሚያገናኙ ኮዶች) ውስጥ ቁርጥ አንድ የሚመስል ፋንክሽን አየሁ። አንዱን አጥፍቼ ሁለቱም በጋራ እንዲጠቀሙ ሦስት ፓች ሠርቼ ላክሁ። ምስጋና ስጠብቅ ክርክር መጣ። እናንተ ከእኔ የተሻለ እንድትጀምሩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አዲስ ረዳት ፋንክሽን ከመጻፋችሁ በፊት ያው ነገር አስቀድሞ እንዳለ ፈልጉ። ለምሳሌ ብዙ ሰው በኬማሎክ ሜሞሪ ይወስድና በሜምኮፒ ይገለብጥበታል። ኬሜምዱፕ የሚባለው ፋንክሽን ሁለቱንም ባንዴ ይሠራል። ይህን ሳያውቅ የራሱን ረዳት የሚጽፍ ሰው ድግግሞሽ ቀነስኩ ብሎ አንድ ቅጂ ይጨምራል። በጊት ግሬፕ፣ ማለትም የኮድ ታሪክ በሚይዘው በጊት የቃል መፈለጊያ ትዕዛዝ፣ «ኢንክሉድ» የሚለውን ማህደር ፈትሹ። ኮክሲኔል የሚባል መሣሪያም አለ፤ ኮድን በቃል ሳይሆን በቅርጹ ይፈልጋል። ከከርነሉ ጋር አብረው ከሚመጡት ዝግጁ ስክሪፕቶች አንዱ ይህችኑ የኬማሎክና የሜምኮፒ ጥንድ ያድናል። እኔ ስለ ኮክሲኔል የሰማሁት ፓቹን ከላክሁ በኋላ ነው፣ ያውም ከገምጋሚ።

ቀጥሎ ሁለቱ ቅጂዎች ለምን ሁለት እንደሆኑ ታሪካቸውን አንብቡ። የለውጦችን ዝርዝር የሚያሳየው ጊት ሎግ እና እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ የሚናገረው ጊት ብሌም ለዚህ ነው ያሉት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንዳንዱ ድግግሞሽ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በ2006 ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተም ሲጀመር ከሱ የቀደመው የኤክስት3 ኮድ እንዳለ ተቀድቶ ነበር። ዲስኩ ላይ ንብረቱን ያስቀመጠ ሰው በሙከራ እንዳይበጠበጥ ነው። አዲሱ ሲበስል የኤክስት3ን ዲስክም ራሱ ማስተናገድ ስለሚችል አሮጌው ኮድ በ2015 በ4.3 እትም ወጣ። ለዓመታት ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ፣ ጥሩም ተደረገ።

የኤአርኤም (በስልክና በትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኝ የፕሮሰሰር ዓይነት) ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ኩባንያዎች ለየኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳቸው ተመሳሳይ ፋይል እየቀዱ ከመሩት። በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ትዕግሥቱ አልቆ በአደባባይ ተቆጣ። የሰሌዳው ዝርዝር ከሲ ኮድ እየወጣ ዲቫይስ ትሪ ወደሚባል መግለጫ ፋይል መዛወር የበረታው ያኔ ነው።

ሁለቱን ምን ለያቸው? እኔ እንደገባኝ ጥያቄው «ስንት መስመር ይቀንሳል?» አይደለም። «ከተዋሃደ በኋላ ማን ይፈትነዋል? ሲበላሽስ ማን ይጠራል?» ነው። የእኔዎቹ ሁለት ፋንክሽኖች የሚለያዩት በአንዲት መስመር ነበር። አንደኛው ቺፑ ላይ ከጻፈ በኋላ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፣ ሌላው አይጠብቅም። ተረስቶ የቀረ መሰለኝና ሁለቱንም ጠብቁ አልኳቸው። አንዱ ገምጋሚ «አሮጌው ቺፕ ላይ ሞክረኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሞከርኩም። ቺፑን በዓይኔም አይቼው አላውቅ። እንዲህ ሲሆን ፓቹ ላይ «ኮምፓይል ብቻ ተደርጓል» (ቺፑ ላይ አልተሞከረም) ብላችሁ ከመጀመሪያው ጻፉ። ውርደት የለውም። ተደብቆ ሲገኝ ግን ቀጣዩን ፓቻችሁንም በጥርጣሬ ያዩታል።

ሌላ ገምጋሚ ደግሞ «ጥሩ ነው፣ ይግባ» አለ። እኔ ምን አደረግኩ? የሁለተኛውን ቃል ይዤ የመጀመሪያውን መታሁበት። ያ በሚኒባስ የተጻፈው መልስ ይሄ ነው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ቡና ላይ ፊቴን አይታ «ማን አስከፋህ ልጄ?» አለችኝ። ኢሜይል አልኳት። «ታዲያ ነገ መልስለት፤ እሱ እንደሆን የትም አይሄድ» ብላ ስኒዬን ሞላችው።

በነጋታው የጻፍኩት ይህን ይመስላል። የእያንዳንዱን ሰው አስተያየት ቀንጭቤ ከሥሩ መልሴን አኖርኩ፤ ሙሉውን ደብዳቤ ከታች ጎትቶ ከላይ መጻፍ እዚያ ሰፈር ነውር ነው። ለመጀመሪያው «ልክ ነህ፣ ቺፑ የለኝም» አልኩት። ከዚያ ለሜንቴይነሩ (ለዚያ ኮድ ኃላፊ) ሁለቱን አማራጭ በአራት መስመር አስቀመጥኩ፦ ሁሉን ማዋሃድ፣ ወይም ቺፑን የማይነካውን የሙቀት ስሌት ብቻ ማውጣት። ገምጋሚዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወስነው ሜንቴይነሩ ነው፤ የእናንተ ሥራ እንዲወስን ማቅለል ነው። ሁለተኛውን መረጠ።

ቪ2፣ ማለትም የተሻሻለውን ሁለተኛ ቅጂ፣ ስትልኩ ለውጡን ቆራርሱት። መጀመሪያ ረዳቱን የሚጨምር ፓች፣ ከዚያ ለየድራይቨሩ አንድ አንድ። እያንዳንዱ ብቻውን ኮምፓይል መሆን አለበት። ካልሆነ ነገ በጊት ባይሴክት፣ ለውጦቹን ከመሃል እየከፈለ በሚሞክረው ትዕዛዝ፣ ስህተት የሚያድን ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ከቪ1 ወዲህ የለወጣችሁትን በፓቹ ውስጥ መግለጫውን ከኮዱ ከሚለዩት ሦስት ሰረዞች በታች ጻፉ። አንድ ሰው «ሪቪውድ ባይ» (ገምግሜዋለሁ) ብሎላችሁ ከነበረና ኮዱን ብዙ ከለወጣችሁት ስሙን አንሱ፤ ያላየውን አየ ማለት ይሆናል። የአጻጻፍ ስህተት የሚፈትሸውን ቼክፓችን ማስኬድና የሚላክላቸውን ሰዎች አድራሻ በጌት ሜንቴይነር ስክሪፕት ማውጣትማ የታወቀ ነው።

መልስ ከዘገየ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጠብቁ። አዲስ እትም እንደወጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል የመርጅ ዊንዶ፣ የተሰበሰቡ ለውጦች ወደ ዋናው ከርነል የሚገቡበት ጊዜ፣ ነው፤ ያኔ ሜንቴይነሮች ፋታ የላቸውም። ቪ2ን በዚያው ቀን መላክ ይቅርባችሁ። እኔ ጧት ልኬ ከሰዓት አዲስ አስተያየት መጣና ማታ ቪ3 ላክሁ። ሰው የቱን ያንብብ?

በመጨረሻ በቪ4 ፓቾቹ ገቡ። በቪ1 የነበረውን፣ ያንን የመጠበቂያ መስመር የሚነካውን ለውጥ ግን ራሴ አነሳሁት። ኋላ የጊት ሎጉን ወደ ታች ስወርድ መጠበቂያው በአንድ የቆየ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ሆን ተብሎ የገባ ሆኖ አገኘሁት፣ ምክንያቱም በሁለት መስመር ተጽፏል። አሮጌው ቺፕ ካልተጠበቀ የተሳሳተ ሙቀት ያነባል፣ አዲሱ ግን መጠበቅ አያስፈልገውም። ኮሚቱ እኔ ፓቹን ከመላኬ በፊትም እዚያው ነበር።